ለሴቶች የተሸጠው ሲጋራ

እ.ኤ.አ. በ2016 በኢትዮጵያ በተካሄደው የአዋቂዎች የትምባሆ አጠቃቀም ጥናት መሠረት፣ ትምባሆ የሚያጨሱ ወንዶች ከመቶ 6.2፣ ሴቶች ደግሞ ከመቶ 1.2 ነበሩ። የጤና ባለሙያ ይህን ቁጥር ሲያይ ተመስገን ይላል። ሲጋራ የሚሸጥ ሰው ግን ገና ያልተነካ ገበያ ይታየዋል። በዚያው ዓመት፣ በሐምሌ 2008 ዓ.ም.፣ የጃፓኑ የትምባሆ ኩባንያ ጃፓን ቶባኮ ኒያላን የሚያመርተውን የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት 40 በመቶ ድርሻ በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ደግሞ 434 ሚሊዮን ዶላር ጨምሮ ድርሻውን ወደ 71 በመቶ ገደማ አደረሰ። ኩባንያው በኢትዮጵያውያት ላይ ዘመቻ ከፍቷል እያልኩ አይደለም። ነገር ግን ወደ አንድ ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ያፈሰሰ ድርጅት ገበያው ባለበት እንዲቆም አይመኝም፤ ገበያው ደግሞ ሰፊ ቦታ የተረፈው በሴቶች በኩል ነው። ስለዚህ ያ 1.2 በመቶ በምን ተጠብቆ እንደኖረ፣ ምን ሊያናጋውም እንደሚችል ማወቅ ይበጃል። መልሱ የሚገኘው መቶ ዓመት ሊሞላቸው በተቃረቡ የአሜሪካ ማስታወቂያዎች ውስጥ ነው።

ሴቶቻችንን ከሲጋራ የጠበቃቸው በዋናነት ነውር ነው ባይ ነኝ። የሳንባ ካንሰርን ወይም የኒኮቲንን ነገር ከወንዶቹ የተለየ ስለሚያውቁ አይደለም። በደጋው ክርስቲያን አገር ትምባሆ ከጥንት ጀምሮ ሲወገዝ ኖሯል፤ በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ያጨሰ ከንፈሩን፣ ሱረት የሳበ አፍንጫውን እንዲቆረጥ ይደረግ እንደነበር ተጽፏል። ወንዱ ላይ ይህ ውግዘት ቀስ በቀስ ላላ፤ ሴቷ ላይ ግን እንደጠበቀ ቀረ። እርግጥ ነው አገሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ልማድ የለውም፤ በጋምቤላና በደቡብ አንዳንድ ማኅበረሰቦች ሴት ልጅ ጋያ ብትስብ ማንም ዞር ብሎ አያያትም። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ከሳሪስ እስከ ጀሞ፣ ከመካኒሳ እስከ ለቡ፣ በአደባባይ ሲጋራ የለኮሰች ሴት መንገደኛው ሁሉ ይመለከታታል፤ ከአስተያየቱም አልፎ ይናገራታል። ብዙ ሰው ይህን እንደማይፈርስ ግንብ ስለሚቆጥረው ልጆቻችን ከሲጋራ ራቅ እንዳሉ ይኖራሉ ብሎ ይተኛል። ችግሩ አሜሪካም እንዲሁ ያለ ግንብ የነበራት መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 የኒው ዮርክ ከተማ ምክር ቤት ሴቶች ሕዝብ በሚሰበሰብባቸው ቤቶች እንዳያጨሱ ደንብ አውጥቶ ነበር፤ ከንቲባው ሻረው እንጂ። በዚያ ዘመን ጨዋ የምትባል ሴት መንገድ ላይ ሲጋራ አትይዝም ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላ ግን የሲጋራ ማስታወቂያ ፊቱን በግልጽ ወደ ሴቶች አዞረ።

የዚህ ዘመቻ ዋና ሰው ላኪ ስትራይክን ያመርት የነበረው የአሜሪካን ቶባኮ ኩባንያ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን ሂል ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 ኩባንያው ሴቶችን «ከረሜላ ሲያምርሽ ላኪ አንሺ» በሚል መልእክት ማሳደድ ጀመረ። በዘመኑ የቀጭን ሴት ፋሽን ነግሦ ነበር፤ ልብሱ ቀጥ ብሎ የሚወርድ፣ ውፍረትም የሚያሳፍር ሆኖ ነበር። ማስታወቂያው ይህን ፍርሃት አንሥቶ ሲጋራን መድኃኒቱ አደረገው። ከረሜላ አምራቾች ገበያችን ተነካ ብለው ተንጫጩ፤ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽንም ገብቶ በ1930 ኩባንያው ሲጋራ ክብደት ይቀንሳል ማለቱን እንዲያቆም አስገደደው። ኩባንያው ታዘዘ፤ ግን እንዴት እንደታዘዘ ማየት ያስፈልጋል። በዚያው ዓመት ከወጡት ማስታወቂያዎች በአንደኛው፣ ጎኗን ሰጥታ የቆመች ለግላጋ ወጣት ፊት ተሥሏል፤ አገጯ የተቀረጸ ይመስላል። ከኋላዋ የወደቀው ጥላዋ ግን የሌላ ሴት ነው፤ አገጩ ተደራርቦ አንገቱን ውጦታል። ጽሑፉ ከዚያ የወደፊት ጥላ እንድትሸሽ ይመክራታል። ከታች፣ በደቃቅ ፊደል፣ ላኪ ማጨስ ውፍረት ይቀንሳል አላልንም፤ ያልነው አብዝቶ መብላት ሲያምርሽ በምትኩ ላኪ አንሺ ነው የሚል ማስተባበያ አለ። ትልቁ ሥዕል የሚናገረውን ትንሹ ፊደል ይክዳል ማለት ነው። ሕጉን የሚያነብ ዳኛ ትንሹን ፊደል ያገኛል፤ መጽሔት የምታገላብጥ ሴት ግን የምታየው ጥላውን ነው። ላኪ ስትራይክ በ1930 ካሜልን ቀድሞ በአሜሪካ በብዛት የሚሸጥ ሲጋራ ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይሸሽጉ መናገር ይገባል። ኒኮቲን የምግብ ፍላጎትን በእርግጥ ይቀንሳል። የዚህ ማስታወቂያ ጉልበትም ከዚሁ የመጣ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ውሸት ቢሆን ኖሮ የሞከረችው ሁሉ በሳምንቱ ትተወው ነበር። ግማሽ እውነት ግን ከተሞክሮ ጋር ስለሚገጥም ቶሎ አይጋለጥም። የተደበቀው ሌላው ግማሽ ነው፤ የሚያጨሱ ሰዎች ስብ ሆዳቸው ላይ የመከማቸት ዝንባሌ እንዳለው፣ ሱሱን ለመተው መከራ እንደሚበላ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀጭን ሆኖ በሳንባ ካንሰር መሞት እንደሚቻል ማንም አልነገራትም። ዛሬ በቲክቶክና በቴሌግራም የሚሸጡትን የቦርጭ ማጥፊያ ሻዮች ያየ ሰው ዘዴውን ወዲያው ይለየዋል።

የውፍረት ፍርሃት ብቻውን ግን ነውሩን አልሰበረም፤ በቤቷ ተደብቃ ያጨሰች ሴት መንገድ ላይ አታጨስም ነበር፣ ሂልን ያንገበገበውም ይህ ነው። ኤድዋርድ በርኔይስ የተባለውን የሕዝብ ግንኙነት ሰው ቀጠረ። በርኔይስ የሥነ ልቦና ሐኪሙን አብርሃም ብሪልን አማከረ፤ ብሪልም ሲጋራ ለሴቶች የነፃነት ችቦ ሊሆን እንደሚችል ነገረው። አሜሪካውያት የመምረጥ መብት ካገኙ ገና ዘጠኝ ዓመታቸው ስለነበር ቃሉ ጊዜውን አግኝቷል። መጋቢት 31 ቀን 1929 እ.ኤ.አ. የፋሲካ ዕለት፣ ከቤተ ክርስቲያን የወጣው ባለጸጋ ሕዝብ አዲስ ልብሱን ለብሶ በሚንሸራሸርበት የኒው ዮርክ አምስተኛ ጎዳና ላይ፣ አስቀድሞ የተዘጋጁ ወጣት ሴቶች ሲጋራ ለኮሱ። ፎቶ አንሺዎች ተነግሯቸው ስለነበር ደርሰዋል። ጋዜጦቹ በማግስቱ ስለ ሴቶች ነፃነት ጻፉ፤ ከጀርባ የሲጋራ ኩባንያ ገንዘብ እንዳለ ግን አንባቢ አላወቀም። አትላንቲክን በአውሮፕላን የተሻገረች የመጀመሪያዋ ሴት አሚሊያ ኤርሃርትም በ1928 በላኪ ማስታወቂያ ላይ ስሟ ታትሟል፤ ራሷ የማታጨስ ሆና ሳለ። ሴቶች የላኪን አረንጓዴ ፓኮ ከልብሳቸው ጋር አይሄድም ብለው መሸሻቸው ሲታወቅ ደግሞ፣ ሂል ፓኮውን ከመቀየር ይልቅ በ1934 አረንጓዴ ቀለምን ራሱን ፋሽን እንዲያደርግለት በርኔይስን አዘዘው፤ በዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴልም የአረንጓዴ ልብስ ግብዣ ተደገሰ። የቀለሙ ነገር ያስቃል። የነፃነቱ ነገር ግን አያስቅም፤ ሴቶች ለዘመናት የታገሉለትን ቃል አንሥቶ ለሸቀጥ ማሻሻጫ ማዋል ነበርና። ያ ነውር በሃያ ዓመት ውስጥ የፈረሰው በውስጡ ከጤና እውቀት የተሠራ ምሰሶ ስላልነበረው ነው። ሴት ስለሆንሽ አታጭሺ የሚል ክልከላ፣ ሴት ስለሆንሽ አጭሺ ለሚል ሻጭ በሩን ከፍቶ ይሰጣል።

ነፃነት የወጣቷን ልብ ሲይዝ፣ የቤት እመቤቷን ልብ ለመያዝ ሐኪም አስፈለገ። ላኪ ስትራይክ በ1930 ገደማ 20,679 ሐኪሞች ጉሮሮን ብዙም እንደማይቆረቁር መስክረዋል ብሎ አወጀ፤ ሐኪሞቹ አስቀድሞ በነፃ ሲጋራ ተልኮላቸው፣ ጥያቄውም መልሱን ይዞ እንደነበር ማስታወቂያው አይናገርም። ካሜል ደግሞ ከ1946 ጀምሮ «ከየትኛውም ሲጋራ ይልቅ ሐኪሞች ካሜልን ያጨሳሉ» አለ፤ 113,597 ሐኪሞች እንደተጠየቁም አተመ። የካሜል ሰዎች የሐኪሞች ጉባኤ ባለበት ሁሉ ሲጋራ ያድሉ፣ ከዚያም የትኛውን ታጨሳለህ፣ ኪስህስ ውስጥ ምን አለ ብለው ይጠይቁ ነበር። በዚህ ዓይነት ማስታወቂያ ሴቲቱ እንደ እናት ትታያለች፤ ነጭ ጋዋን የለበሰው ሐኪም የልጇ ሐኪም ሆኖ ይቀርባል። በየትም አገር የቤተሰቡን ጤና የምትከታተለው፣ ልጅ ሲታመም ሐኪም ቤት የምትሮጠው እናት ናት፤ ሐኪሙን የምታምነውም እሷ ናት። ማርልቦሮ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከዚህም አልፎ ሕፃን አናገረ፤ በማስታወቂያው ላይ ያለው ሕፃን እናቱን ከመቆጣትሽ በፊት አንድ ማርልቦሮ ለኩሺ ይላታል። ዛሬ ማርልቦሮ ሲባል ባርኔጣ ያደረገ ፈረሰኛ ለሚታወሰው ሰው ይህ ይገርመው ይሆናል፤ ሲጋራው ግን በ1924 ወደ ገበያ የገባው ለሴቶች ተብሎ ነበር፤ ሊፕስቲክ እንዳያሳይም ጫፉ በኋላ ቀይ ተደርጎለታል። ፈረሰኛው የመጣው በ1954 እና 1955 ገበያው ወደ ወንዶች እንዲዞር ሲፈለግ ነው። ሲጋራ ጾታ እንደሌለው ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም፤ ጾታው የተቀባው በማስታወቂያ ነው።

የመጀመሪያው ተቃውሞ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው፤ በዚያ ዘመን ሲጋራ ገዳይ መሆኑን ማን ያውቅ ነበርና ኩባንያዎቹን ትኮንናለህ የሚል። ለ1928ቱ ማስታወቂያ ተቃውሞው የተወሰነ እውነት አለው፤ ያኔ የካንሰሩ ማስረጃ ገና አልተሰበሰበም ነበር። ከ1950 በኋላ ግን አይሠራም። በዚያ ዓመት ዊንደርና ግርሃም የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ፣ ዶልና ሌላ ሂል የተባለ ሰው ደግሞ በእንግሊዝ፣ ሲጋራን ከሳንባ ካንሰር ጋር ያገናኙ ጥናቶቻቸውን አሳተሙ። በታኅሣሥ 1953 እ.ኤ.አ. የኩባንያዎቹ አለቆች በኒው ዮርኩ ፕላዛ ሆቴል ተሰበሰቡ፤ ጥር 4 ቀን 1954 በመላ አገሪቱ ጋዜጦች ምርቶቻችን ለጤና ጎጂ ናቸው ብለን አናምንም የሚል መግለጫ አወጡ። በዚያው ወቅት ፊልተርን እንደ መፍትሔ መሸጥ ተጀመረ። በ1952 የወጣው ኬንት የተባለው ሲጋራ ማይክሮናይት የተሰኘ ፊልተሩን የጤና መከላከያ አድርጎ ትምባሆ ቶሎ ለሚቆረቁራቸው አጫሾች አቀረበ። እስከ 1956 ድረስ ያ ፊልተር የተሠራው አስቤስቶስ ተጨምሮበት ነበር፤ ያውም አደገኛ ከሚባለው ሰማያዊ ዓይነቱ። ጤናዋን ለመጠበቅ ብላ ኬንትን የመረጠች ሴት በጭሱ ላይ አስቤስቶስ ተጨመረላት። በነሐሴ 2006 እ.ኤ.አ. ዳኛ ግላዲስ ኬስለር ከ1,600 ገጽ በላይ በሆነ ፍርዳቸው፣ ኩባንያዎቹ ሕዝቡን ለሃምሳ ዓመት ሲያታልሉ እንደኖሩ ወሰኑ። ስለዚህ አላወቁም የሚለው መከላከያ ፍርድ ቤት ቀርቦ ወድቋል።

ያ ፍርድ «ላይት» የሚለውንም ቃል ይመለከታል፤ ስለ ሴቶች ስናወራ ቃሉ ልዩ ቦታ አለው፤ ለጤናቸው የሚጠነቀቁ አጫሾች፣ በተለይም ሴቶች፣ ወደ ላይት ሲጋራ ሲሄዱ ኖረዋልና። አሠራሩ ቀላል ነው። ፊልተሩ ዙሪያ በዓይን የማይለዩ ደቃቅ ቀዳዳዎች ይበሱና የሚለካው ማሽን ሲስበው አየር ገብቶ ጭሱን ያቀጥነዋል፤ ፓኮው ላይም ትንሽ ቁጥር ይጻፋል። ሰው ሲያጨሰው ግን ቀዳዳዎቹን በጣቱና በከንፈሩ ይሸፍናቸዋል፤ ኒኮቲን ያነሰው ሱሰኛም በረጅሙ ይስባል፣ ቁጥርም ይጨምራል። መጨረሻ ላይ ሳንባው የሚደርሰው መጠን ብዙም አይለይም። ሴቲቱ ማቆም ሲገባት፣ በቃሉ ተጽናንታ ቀጠለች ማለት ነው። የዚህ ማታለል ጉዳት የሚቆጠረው ማጨስ በጀመሩት ብቻ ሳይሆን ሊያቆሙ ተነሥተው በተመለሱትም ነው።

በ1968 ፊሊፕ ሞሪስ ቨርጂኒያ ስሊምስን አወጣ። ከተራው ሲጋራ ረጅምና ቀጭን ነው፤ ስሙ ራሱ ቅጥነትን ይጠራል፤ መፈክሩም ሴቲቱ ከትናንት ጭቆና ምን ያህል ርቃ እንደመጣች እያወደሰ ያባብላታል። የ1928ቱ ቅጥነትና የ1929ኙ ነፃነት በአንድ ፓኮ ተጠቀለሉ። ኩባንያው የሴቶች ቴኒስ ውድድርንም ስፖንሰር አደረገ፤ ሳንባ የሚያቃጥል ሸቀጥ ሳንባቸው ከማንም በላይ በሚሠራ ስፖርተኞች ታጅቦ ቀረበ። በአሜሪካ ቴሌቪዥንና ሬዲዮ የሲጋራ ማስታወቂያ ሲከለከል፣ ጥር 1 ቀን 1971 እ.ኤ.አ. እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል የታየው የመጨረሻው ማስታወቂያ የቨርጂኒያ ስሊምስ ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ የፊሊፕ ሞሪስ አለቃ ጆሴፍ ከልማን በቴሌቪዥን ቀርቦ፣ የሚያጨሱ እናቶች ክብደታቸው ያነሰ ሕፃናት እንደሚወልዱ ሲጠየቅ፣ አንዳንድ ሴቶች ትንንሽ ሕፃን መውለድን ይመርጣሉ ብሎ መለሰ። አለቃው የጥናቱን ግኝት አልካደም፤ ጉዳቱን ወደ ምርጫ ቀየረው። ክብደቱ ያነሰ ሕፃን ለሞትና ለበሽታ የበለጠ የተጋለጠ መሆኑን የኢትዮጵያ አዋላጅ ነርሶች ከማንም በላይ ያውቃሉ። ከ1987 ጀምሮ ደግሞ አሜሪካውያትን በመግደል የሳንባ ካንሰር የጡት ካንሰርን በለጠ።

የኩባንያዎቹ ጠበቆች ዘወትር የሚያነሡት ሁለተኛ ተቃውሞ አለ። ማስታወቂያ የሚያጨሰውን ሰው ከአንድ ሲጋራ ወደ ሌላ ያዛውረዋል እንጂ የማያጨሰውን አያስጀምርም፤ ደግሞስ አዋቂ ሴት የራሷን ነገር መምረጥ አትችልም ወይ ይላሉ። የመጀመሪያውን ክፍል በ1994 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ የጆን ፒርስና የባልደረቦቹ ጥናት ይመልሰዋል። የሴቶች ሲጋራዎች መሸጥ በጀመሩበት በ1967 አካባቢ ማጨስ የሚጀምሩ ዕድሜያቸው ከ18 በታች የሆኑ ልጃገረዶች ቁጥር በድንገት አሻቀበ፤ በወንዶች ልጆች ላይ ግን እንዲህ ያለ ዕድገት አልታየም። ብራንድ ብቻ ሲቀየር ቢሆን ኖሮ አዲስ የሚጀምሩት ልጃገረዶች ከየት መጡ? ጭማሪው የጎላውም ኮሌጅ ባልገቡት ዘንድ ነው፤ መፈክሩ ስለ ተማረችና ስለ ተራመደች ሴት እያወራ ወጥመዱ የያዘው ትምህርት የጎደላትን ነበር። ስለ ምርጫው ክፍል ደግሞ፣ ሴት መምረጥ ትችላለች፣ ማንም ስለ እሷ ሊወስን አይገባም፤ በዚህ ከተቃዋሚው ጋር አንድ ነኝ። ግን ምርጫ የሚባለው ዋጋው ሲነገር ነው። ማጨስ የማኅፀን በር ካንሰርንና የመካንነትን ዕድል እንደሚጨምር፣ ማረጥን እንደሚያፈጥን፣ በተለይም ከ35 ዓመት በላይ የሆነች ሴት የእርግዝና መከላከያ እንክብል እየወሰደች ብታጨስ የልብና የደም መርጋት አደጋ እንደሚበረታ ሳይነገራት፣ ቅጥነትሽን አስቢ የተባለች ሴት የመረጠችው የተሳለላትን ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከራሳችን ቤት የሚመጣ ነው፤ ያ የአሜሪካ ታሪክ ነው፣ እኛ ጋ የሲጋራ ማስታወቂያ የለም፣ ሴቶቻችንም አያጨሱም፤ ምን አስጨነቀህ? ሕጋችን በእርግጥ ጠንካራ ነው። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 የትምባሆ ማስታወቂያን ከልክሏል፤ በ2006 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 822 ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነት አጽድቃለች፤ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ በሕዝብ መገልገያ ቤቶች ውስጥ ማጨስን፣ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው መሸጥን፣ ጣዕም የተጨመረበትን ትምባሆ፣ ሺሻንና የኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ከልክሎ፣ ከፓኮው ፊትና ጀርባ 70 በመቶው የማስጠንቀቂያ ሥዕል እንዲሆን አዟል። አፍሪካ ውስጥ ይህን ያህል የጠበቀ ሕግ ያላቸው አገሮች ብዙ አይደሉም፤ ያወጡት ሊመሰገኑ ይገባል። ሆኖም የድሮው ዘዴ ቢልቦርድ አይፈልግም። በከተማችን ሺሻ እንዴት እንደተስፋፋ ማየት ይበቃል። የአፕል፣ የሚንት፣ የወይን ጣዕም አለው፤ ሽታው እንደ ሲጋራ አይከረፋም፤ ልብስ ላይ ቢቀር እንኳ ሽቶ ይመስላል። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ውኃው ያጣራዋል የሚለው እምነት ነው። ከኬንት ፊልተር በምን ይለያል? የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 እ.ኤ.አ. እንዳስጠነቀቀው የአንድ ሰዓት ሺሻ የአንድ ሲጋራን ጭስ 100 እጥፍና ከዚያ በላይ ሊያስገባ ይችላል፤ ከሰሉ የሚሰጠው ካርቦን ሞኖክሳይድም አለ። ውኃው የሚያደርገው ጭሱን ማቀዝቀዝ ነው፤ ስለቀዘቀዘ ጉሮሮ አይቆረቁርም፣ ስለማይቆረቁር በጥልቀት ይሳባል። ላኪ ስትራይክ ሐኪሞችን ያስመሰከረው በዚሁ በጉሮሮ ጉዳይ ነበር። ሲጋራ የማትነካ፣ ብትነካም የምታፍር ወጣት ሺሻ ቤት ከጓደኞቿ ጋር ስትቀመጥ እያጨሰች እንደሆነ አይሰማትም፤ ነውሩ የተጻፈው በሲጋራ ላይ ስለሆነ ሺሻው በጎን አልፎ ገባ። በባለቀለም ቱቦ የሚመጣው ቬፕ የተባለው የኤሌክትሮኒክ ሲጋራም በዚያው መንገድ እየመጣ ነው።

ታዲያ ነውሩን እናጥብቀው የሚል ይኖራል፤ እኔ አልስማማም። ነውር ሴቷን ከሲጋራ ያርቃታል እንበል፤ አንዴ ከጀመረች ግን ከእርዳታ ያርቃታል። የምታጨስ ሴት ከቤተሰብ ትደብቃለች፤ ለእርግዝና ክትትል ጤና ጣቢያ ሄዳ ታጨሻለሽ ወይ ስትባል አላጨስም ትላለች፤ የወሊድ መከላከያ እንክብል ሲታዘዝላትም ዝም ትላለች። ሐኪሙ ያልሰማውን አያክምም። የጥናቱ 1.2 በመቶም ቢሆን በር አንኳኩቶ ለመጣ ጠያቂ ስንቷ እውነቱን እንደምትናገር ስናስብ ከእውነተኛው ቁጥር ሊያንስ ይችላል። እውቀት ግን ሴትም ወንድም ሳይል ይሠራል፤ ነውርን መጣስ ነፃነት ነው ብሎ የሚሸጥ ሰው እውቀትን መጣስ ነፃነት ነው ብሎ መሸጥ አይችልም።

እውቀቱ ደግሞ ሰው እጅ መድረስ አለበት። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ እንደሌላው የከተማችን ክፍል ሁሉ ሲጋራ በብዛት የሚሸጠው በፍሬ ነው። በጀሞ ታክሲ ተራ ወይም በሳሪስ መንገድ ዳር የሚቆመውን ሱቅ በደረቴ እንየው። ማስቲካው፣ ሶፍቱ፣ ከረሜላው ተደርድሯል፤ የሲጋራው ፓኮ አፉ ተከፍቶ በአንድ ጥግ ቆሟል፤ የተበላሸ ሳንባ ያለበት ሥዕል ወደ ሻጩ ደረት ዞሯል፣ ወይም በማስቲካው ተሸፍኗል። ገዢው ገንዘቡን ይሰጣል፣ አንድ ፍሬ ይቀበላል፣ ሻጩ ላይተር ያቀብለዋል። አዋጁ 70 በመቶ ያለው ሥዕል ከዚህ ግብይት ውስጥ የለም። ነጭ ወረቀት የተጠቀለለበት ባዶ ፍሬ የሚናገረው ነገር የለውም፤ ዕድሜም አልተጠየቀም። የዓለም ጤና ድርጅቱ ስምምነት በ16ኛው አንቀጹ አገሮች በነጠላ መሸጥን ለመከልከል እንዲጥሩ የሚጠይቀው በዚህ ምክንያት ነው፤ ነጠላው ለልጅ ኪስ የሚመች ነውና። እንደ እኔ ከሆነ የአገራችን የትምባሆ ቁጥጥር የሚፈተነው በፓርላማው አዳራሽ ሳይሆን በዚህ ትንሽ መደብ ላይ ነው።

ስለዚህ በየወረዳው ደንብ የምታስከብሩ ሰዎች ሺሻ ቤት ሰብራችሁ ዕቃ ስትጭኑ እንደምትታዩት ሁሉ፣ ማስጠንቀቂያው ለገዢ በሚታይበት በኩል እንዲቆምና ለልጅ እንዳይሸጥ ሱቁንም ተከታተሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቤቱ ስትዞሩ ስለ ሺሻው ውኃ ለሴቶቹ ሳትቆጡ አስረዱ፤ የምታጨሰዋን ሳትወቅሱ ጠይቁ። አንባቢም ሆይ፣ የሚያጨስ ወንድም ሆነ የምታጨስ እህት ካለህ፣ በፍሬ ከመግዛታቸው በፊት ሻጩን «እስቲ ፓኮውን አዙረህ አሳየን» እንዲሉት ንገራቸው።